ከቤተ ክርስቲያኗ ጀርባ ያጣመምሁት ሐዲድ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። የሻርሁትን ጾም፣ ያማሁትን ሰው፣ የቀረሁበትን ኪዳን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ፤ ይችን ግን እስከ ዛሬ እየዘለልሁ መጣሁ። የመጫወቻ ነገር ነው፣ አባን በዚህ ላድክም? እያልሁ። አሁን እናንተ ስሙኝ።

ታናሽ ወንድሜ ሙሉቀን ደብረ ታቦር፣ እናታችን ቤት፣ በአንድ የኮምፔርሳቶ ሰሌዳ ላይ የባቡር መስመር ሠርቶ ነበር። በባትሪ የሚሄደውን ትንሽ ባቡር ከነሐዲዱ ከምኖርበት ከድሬዳዋ የላክሁለት እኔው ነኝ። የጉናን ተራራ በሲሚንቶ ከረጢትና በኮላ አቆመው። ሐሙሲትን በክብሪት ቀፎ ከተማ አደረጋት። ሰሌዳው አጭር ስለሆነ መስመሩን ክብ አደረገው፤ መሃሉ ባዶ እንዳይሆን ከቆርቆሮ የሠራትን ቤተ ክርስቲያን አስቀመጠበት።

ለጥምቀት አገሬ ስገባ ባቡሩ ቤተ ክርስቲያኗን ይዞራል። ይዞራል። እናቴ ታጨበጭባለች፣ ጎረቤት ይስቃል። እኔ ደሜ ፈላ። ታቦት የሚዞረውን ዙር መጫወቻ ይዞረዋል? ብናገር ምን ነበረበት? "ሙሌ፣ ይሄ ነገር ከብዶኛል" ብለው ኖሮ እየሳቀ ቤተ ክርስቲያኗን ወደ ጥግ ያዛውራት ነበር። አልተናገርሁም። እሱ ኮላ ሊገዛ ሲወጣ ፒንሳውን አነሳሁና ከቤተ ክርስቲያኗ ጀርባ ያለውን ሐዲድ ወደ ውስጥ አጣመምሁት። ጥቂት። ዓይን የማይለየው ያህል። እኔ አጣመምሁት።

ከዚያ በኋላ ባቡሩ እዚያ በደረሰ ቁጥር ወደቀ። ሙሉቀን ሐዲዱን ነቀለ፣ ያንኑ መልሶ ለጠፈ፣ ከሥሩ ካርቶን ጠቀጠቀ። ወደቀ። ጎረቤታችን ጋሽ አየለ በበር ብቅ እያሉ፣ "ምነው ሙሌ፣ ተሳፋሪው ሐሙሲት ሳይገባ አለቀ እኮ!" ይሉታል። መጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ ኋላ መሳቁን ተወ። እኔስ? አጠገቡ ቁጭ ብየ ኮላ አቀብለው ነበር። "እስቲ ትንሽ ወደ ግራ ሞክረው" እለው ነበር። ምን ዓይነት ልብ ነው ይሄ?

ለእግዚአብሔር ቤት ቀንቼ ነው ብል ደስ ባለኝ። ግን ያን ሁሉ መንገድ አቋርጬ መጥቼ፣ ሰው ሁሉ የከበበው ባቡሩን ነበር። ያናደደኝ እሱም ነው። ምናልባትም እሱ ብቻ ነው።

ልመለስ ስል ሁሉንም ነቅሎ ማዳበሪያ ውስጥ ከተተው። "እታለም፣ ይቅርታ፤ ስጦታሽን አበላሸሁብሽ" አለኝ። ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ! እኔም "ግድ የለም፣ ይቅር ብየሃለሁ" አልሁት። በዚህ ጸሎት በማደርስበት አፌ።

ዛሬ ደወለልኝ። አሁን ትዳር ይዞ ለብቻው ወጥቷል፤ አዲስ መስመር እያቀደ ነው። ደስ ብሎኝ "ዙሩንስ በየት በኩል ታደርገዋለህ?" አልሁት።

"ዙር የለውም። ቀጥ ብሎ ይሄድና ቆሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። ዙር የኔ እጅ ሥራ አይደለም፣ እታለም፤ አንቺም አይተሽው የለ?"

አይቻለሁ። "ይቅናህ" ብየ ስልኩን ዘጋሁ። ነገ አዲሱን ሰሌዳ እንጨት ቤት ወስዶ በቁመቱ አጥብቦ ሊያስቆርጠው ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ ዙር አይወጣውም።

እናንተን ማሩኝ አልልም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። እሱም የማያውቀውን ይቅር ሊለኝ አይችልም። ስልኩ አጠገቤ ነው። ይህን ለእናንተ የምጽፈው ስልኩን አንስቼ ላለመደወል እንደሆነም አውቃለሁ።