ያስተካከልኩት ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ቤቴ መጣች። አሁን እሷም መምህርት ሆናለች። በእጇ ግራና ቀኙ የተጻፈበት ሉክ ወረቀት ይዛለች። «ጋሼ፣ ምርጫው ደርሶ የለ? ዕጩዎቹ አዳራሽ ሊመጡ ነው። ወጣቶቹ ያዘጋጀነው ጥያቄ ነው፤ እስቲ አማርኛውን ያስተካክሉልን» አለችኝ። ያረጀ መምህር ዕጣው ይኸው ነው፤ የሰፈሩ ማመልከቻ፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የእድር ደንብ ሁሉ በእጁ ካላለፈ ያለቀ አይመስልም።

መነጽሬን አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። አምስተኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ። «መሣሪያችንን ከሰበሰባችሁ ከብቶቻችንን ማን ይጠብቅልናል?» ይላል። ወዲያው እጄ ብዕር አነሳ። «የጦር መሣሪያ አያያዝን አስመልክቶ» ብዬ ልጀምርላት ስል አንድ ድካም መጣብኝ፤ እንቅልፍ የማያስለቅቀው ዓይነት ድካም። «ነገ ተመለሺ» አልኳት።

እንዲህ ያለ ጥያቄ መጀመሪያ እጄ ሲገባ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ነገሌ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አባቴ ከሰሜን በወታደርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሃምሳ አለቃ ነው። ጦሩ ሲበተን መሣሪያውን አስረክቦ ባዶ እጁን ቤት ገባ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እኛ ቤት ስለ መንግሥትም ስለ ጠመንጃም ወሬ ተነስቶ አያውቅም። ቀጥተኛ ጥያቄም እንደ ድፍረት ነበር የሚቆጠረው። ደብተር ላስገዛው ስፈልግ እንኳ መጀመሪያ ስለ አየሩ፣ ቀጥሎ ስለ ጤናው ጠይቄ፣ ዞሬ ዞሬ ነበር የምደርስበት። ለዕጩዎች የሚቀርብ ጥያቄ እንዲጽፍ የተመረጠው እንግዲህ በዚህ ቤት ያደገ ልጅ ነው።

ደንቡ እንዲህ ነበር። ጥያቄ ያለው ሰው በወረቀት ያስገባል፤ መጻፍ ለማይችል መምህሩ ይጽፍለታል፤ በስብሰባው ቀን ያው መምህር ለሁሉም ያነብላቸዋል። ወሩ ሚያዝያ ነው፣ ዝናቡ በደንብ ገብቷል። ቀዩ ጭቃ ከጫማ ሥር እየተለጠፈ አጭሩን ሰው ሁሉ ረጅም አድርጎታል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠረጴዛ አውጥቼ፣ በወተት የፈላ ሻይ በብርጭቆ አስቀምጬ እጽፋለሁ። ውሃ፣ መንገድ፣ ክሊኒክ፣ እንደገና ውሃ።

አዴ ጡሜ በሦስተኛው ቀን መጡ። ወደ ዳዋ ወንዝ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች መንደር የሚኖሩ፣ ባላቸው በቅርቡ የሞተባቸው ሴት ናቸው። ወተት ሊሸጡ ስለሚመጡ በዓይን እንተዋወቃለን። ኦሮምኛውን ከአማርኛ እያቀላቀሉ ነገሩኝ። ባላቸው በአራት በሬ የገዛው ክላሽ አለ፤ በስሙ ተመዝግቧል። እሱ ሲሞት ቀበሌው «ከምርጫው በኋላ ታስረክቢያለሽ» ብሏቸዋል። የበኩር ልጃቸው ዝናቡ እንዳበቃ ከብቱን ይዞ ወደ ሩቅ ግጦሽ መሄድ አለበት፤ እነሱ ፎራ ይሉታል። እዚያ ያለ መሣሪያ የሄደ ልጅ ከብት ብቻ አይደለም የሚያጣው።

«ጻፍ፣ መምህር» አሉኝ። «ይሄ ክላሽ ለእኔ ይቀራል? ኤዬ ሞ ላኪ? አዎ ከሆነ ልጄን እልካለሁ። አይደለም ከሆነ ከብቱ ሳይከሳ እሸጣለሁ። ሌላ ነገር አትጨምር።»

«እሺ» አልኩ። ጻፍኩም። ማታ ቤት ገብቼ ሳነበው ግን ደነገጥኩ። ይህን በአደባባይ ለትልልቅ ሰዎች ላነብ ነው? ስለዚህ አስተካከልኩት። አስተካከልኩት ያልኩት ያኔ ነው፤ ዛሬ ሌላ ስም እሰጠዋለሁ።

በስብሰባው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ሰው መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል። ዕጩዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ሱፍ የለበሰ፣ ጥርሱ የሚያምር፣ ሰው ሁሉ የሚወደው ሰው ነው። ሁለተኛው ትውልዱ ተልተሌ የሆነ፣ በየቆላው ከብት ሲከትብ የኖረ ጎባጣ ሰውዬ ነው፤ ሲናገር የገዛ ጫማውን ነው የሚያየው። ተራው ሲደርስ ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌ አነበብኩ፦

«ከአካባቢው ጸጥታ አኳያ፣ በግለሰቦች እጅ የሚገኙ የጦር መሣሪያዎችን አያያዝ አስመልክቶ የተከበሩ ዕጩዎች ያላቸው አጠቃላይ አቋም ምን ይመስላል?»

ባለ ሱፉ ፈገግ አለ። «እጅግ የበሰለ ጥያቄ ነው፤ ያዘጋጀውን አመሰግናለሁ» አለና ወደ እኔ ራሱን ዝቅ አደረገ። ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ። እውነቱን ልናገርና፣ በዚያች ደቂቃ ድምፄን ሰጥቼዋለሁ፤ ኋላም ኮሮጆው ውስጥ የከተትኩት ያችኑ ነው።

ከሴቶቹ ወገን አንድ ሰው ተነሳ። አዴ ጡሜ ናቸው።

«መምህር፣ ይሄ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ አዴ።»

«የእኔ አይደለም። የእኔ ትንሽ ነበር።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ወደ ዕጩዎቹ ዞረው የሞተውን ባል፣ ክላሹን፣ ልጁን በአራት ዓረፍተ ነገር ጨረሱና «ኤዬ ሞ ላኪ?» አሉ። ልክ ያኔ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። የቆላ ዝናብ ሲወርድ መደማመጥ የለም። ሰው ሁሉ ጣራ ጣራ ያያል። ሩብ ሰዓት ይሆናል። አዴ ጡሜ ግን አልተቀመጡም፤ ነጠላቸውን ጥብቅ አድርገው፣ ዝናቡ እስኪያባራ እንደ ቆሙ ጠበቁ። ዕጩዎቹም የሚያስቡበት በቂ ጊዜ አገኙ ማለት ነው።

ሲያባራ ባለ ሱፉ ተናገረ። የእናቶችን ችግር ከማንም በላይ እንደሚያውቅ፣ የአርብቶ አደሩ ሀብት የዓይኑ ብሌን እንደሆነ፣ ጥያቄው በሚመለከታቸው ሁሉ በጥሞና እንደሚታይ፣ ማንም ባዶ እጁን ሜዳ ላይ እንደማይቀር ነገረን። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ከታቢው ቀጠለ። ጫማውን እያየ፣ «ላኪ፣ አዴ» አለ። «አይቀርልሽም። የሟች መሣሪያ ይሰበሰባል። እኔ ብመረጥም አላስቀረውም፤ አስቀራለሁ ብል ውሸት ነው።» ያጨበጨበለት የለም። ከኋላ ያፏጩበትም ነበሩ። አዴ ጡሜ ግን በረጅሙ ተነፈሱና «ገለቶሚ» ብለው አመስግነውት ተቀመጡ።

ስንወጣ ኦቦ ጎሊቻ ክንዴን ያዙኝ። የአዴ ጡሜ ጎረቤት ናቸው፤ እሳቸውም ቤት የሟች ወንድማቸው መሣሪያ አለ፣ ለፎራ የደረሰ አንድ ልጅ አለ። «መምህር፣ አንተ የተማርክ ነህ። ያ ባለ ሱፉ ምን አለ? ይቀራል ነው ያለው፣ አይቀርም?»

ቀኑን ሙሉ ያላሰብኩትን በአንድ አፍታ መለስኩ። «ይቀራል ማለቱ ነው፣ ኦቦ። ትልቅ ሰው እንዲህ በጨዋ ደንብ ነው የሚናገረው።»

በሳምንቱ አዴ ጡሜን ላጽናናቸው መንደራቸው ሄድኩ፤ በአይሱዙ ላይ ከፍየልና ከጨው ጋር ተጭኜ። በጭስ የታጠነ ወተት በጮጮ አቀረቡልኝ፤ ጭሱ እስከ ከተማ ድረስ ከአፌ አልጠፋም። በረታቸው ግማሹ ባዶ ነው። ሸጠዋል።

«አዴ፣ ምን አስቸኮለዎት? ሰውዬው እኮ ከእርስዎ ጋር ነው።»

«የትኛው?»

«ያ የተጨበጨበለት።»

«እሱማ አልመለሰልኝም፣ ልጄ» አሉ። «እኔ የምመርጠው ላኪ ያለኝን ነው። እምቢ የሚለኝ ሰው እሺ ያለኝ ቀን አምነዋለሁ።»

ሰዎች ስቀውባቸዋል፤ በግማሽ ዋጋ ሸጠች ብለው። እኔም በመንገዴ ላይ ትንሽ ስቄባቸዋለሁ።

ባለ ሱፉ አሸነፈ። ከታቢው ወደ ክትባቱ ተመለሰ። ዝናቡ አበቃ፣ ሣሩ ቢጫ ሆነ፣ ልጆቹ ከብት ይዘው ራቁ። ከዚያ የሟች መሣሪያ ሁሉ እንዲሰበሰብ ታዘዘ፤ ትእዛዙ ፎራ ድረስ ሄዶ ከልጆቹ እጅ ሳይቀር ሰበሰበ። ያዘዘው አሸናፊው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ያስቀረ ግን የለም። ወሩ ሳይወጣ ዘራፊ መጣ። የኦቦ ጎሊቻ ከብት ተነዳ። የላኩት ልጃቸውም አልተመለሰም። የአዴ ጡሜ ልጅ ያን ቀን ከተማ ውስጥ የቀን ሥራ እየሠራ ነበር፤ ዛሬ የልጆች አባት ነው።

ኦቦ ጎሊቻ አንድ ቀንም አልወቀሱኝም። ምናልባት ረስተውት ይሆናል እያልኩ ብዙ ዓመት ራሴን አባብያለሁ። ማባበሉም ያደክማል።

ተማሪዬ በማግስቱ ስትመጣ ወረቀቱን እንዳለ መለስኩላት። ገለበጠችው። «ምንም አላረሙትም እኮ፣ ጋሼ!»

«አማርኛው ደህና ነው» አልኳት። «አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ሲመልሱልሽ ደግሞ አንቺ እንዳታስተካክዪላቸው።» አልገባትም፤ ግን በትህትና እሺ ብላኝ ሄደች።

እኔ ደግሞ ገበያ ወጣሁ። ኦቦ ጎሊቻ በዱላቸው ተደግፈው እንደ ወትሮው የከብት ተራው ጥግ ተቀምጠዋል። የዚህ አገር ሰላምታ አይቸኩልም፤ ሁሉም በየተራው ይጠየቃል። ናጋ፣ ሰላም ነው? ቤቱ ናጋ? ከብቱ ናጋ? ልጆቹ ናጋ? እሳቸው ጠይቀውኝ ሲጨርሱ ተራው የእኔ ነው። ቤቱን እጠይቃለሁ፣ ከብቱን እጠይቃለሁ፣ ልጆቹ ላይ ስደርስ ምላሴ ይያዛል። ይኼው ስንት ዓመታችን። ኦቦ ጎሊቻ ትንሽ ይጠብቁኛል። ከዚያ እጄን ሳይለቁ፣ ያልጠየቅኳቸውን ራሳቸው ይመልሱልኛል፦

«ልጆቹም ናጋ፣ መምህር።»