ጸበል የተረጨው ዋንዛ

ፊልም ላይ ያያችሁት አደጋ በቤታችሁ ሰው ላይ ይደርሳል ብላችሁ ፈርታችሁ ታውቃላችሁ? ዛሬ ፍኖተ ሰላም በማስተምርበት ክፍል አጠገብ የዛፍ መቁረጫ ሞተር ሲጮህ አባቴ ትዝ አሉኝ።

ልጅ ሳለሁ ቡሬ፣ አጎቴ ቤት፣ አንድ አስፈሪ ፊልም አየሁ። ዛፎቹ ደን የሚቆርጡትን ሰዎች በሥሮቻቸው እያነቁ ይገድላሉ። ወደ ገጠር ቤታችን ስመለስ አባቴ የጓሯችንን ትልቅ ዋንዛ ቆርጠው ባህር ዛፍ ሊተክሉ መጥረቢያ ይስላሉ። እንዲሞቱብኝ አልፈለግሁም። የእናቴን የጸበል ጠርሙስ አንስቼ የዋንዛውን ግንድ ዙሪያውን ረጨሁት።

አባቴ ደረሱብኝ። "አንቺ፣ ዛፉን ክርስትና ልታነሺው ነው?" ብለው ሳቁ።

"እንዳይገድልዎት ነው። ፊልሙ ላይ ሰው ገድሏል።"

ሳቃቸውን ተዉት። "ይኼስ ማንንም አይጎዳም። የተረፈውን ጸበል ለምተክለው ባህር ዛፍ አስቀምጪልኝ፤ ምንጫችንን የሚጠጣብን እሱ ነው።"

"ታዲያ ለምን ይተክሉታል?"

አባቴ መጥረቢያውን አነሱ፤ የእርጥብ እንጨት ሽታ ጓሮውን ሞላው።

አሁን ለተማሪዎቼ ባህር ዛፍ ብዙ ውሃ እንደሚስብ፣ ቶሎ ደርሶ ስለሚሸጥም እንደሚተከል በቅደም ተከተል አስረዳለሁ። እያወቁ የተከሉት አባቴ ግን ዛሬም አልገቡኝም። ምንጩ ደርቋል፤ እሳቸውም አርፈዋል። እናንተ የምትጠይቁት ሰው ካላችሁ፣ "ባህር ዛፉን ሲተክሉ ምን አስበው ነበር?" በሏቸውና መልሳቸውን ሳታቋርጡ ስሙ።