አባቴ የማለባት የብራና ገጽ

አባቴን ያን ቀን ክፉኛ ተናግሬዋለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ውጫሌ ባጃጅ ነው የምነዳው። ትምህርቴን ስምንተኛ ላይ ጣልኩ፤ አፌ ግን እስካሁን አላቋረጠም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን ቤተክርስቲያን ስዕል ያለበት የብራና መጽሐፍ ነበረው። ጦርነቱ ሲቃረብ የዚያን ጊዜው ቄስ የመጀመሪያዋን ገጽ በምላጭ ቆረጡና ለአባቴ ሰጡት። መጽሐፉ የማን እንደሆነ የተጻፈው እሷ ላይ ነው። "መጽሐፉን ቢወስዱት እንኳ ስሙ እኛው ዘንድ ይቅር። ከኔ እጅ በቀር ለማንም እጅ እንዳትሰጥ" ብለው አስማሉት። አባቴም "ወላሂ" አለ። መጽሐፉ ተዘረፈ፤ ቄሱም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ።

እኔ ያኔ ይህን አላውቅም ነበር። አንድ ቀን አዲሱ ቄስ ባጃጄ ውስጥ ሆነው እንባቸው ይወርዳል። መጽሐፉ ወደ ሐይቅ ከተማ ሊያልፍ ሲል ኬላ ላይ፣ ከአንድ ነጋዴ ሻንጣ ተይዟል። ነጋዴው "የአያቴ ነው፤ እስቲ የማን ስም አለበት?" ይላል። ስም የለበትማ! መጽሐፉን የተረከበው የባህል ቢሮው ልጅ ደግሞ "እስከ ሐሙስ ማስረጃ ካልመጣ ልመልስለት ነው" ብሏቸዋል።

ቤት ገብቼ ሳወራ አባቴ መሬት መሬቱን ያያል። ምስጢሩን ያወጣችው እናቴ ናት፦ "ስሙ ያለባት ገጽ እኮ እዚሁ ናት፤ ከቁርኣኑ ጋር፣ ከረጢቱ ውስጥ።"

"ታዲያ ስጣቸዋ!" አልኩት።

"ለቀድሞው ቄስ እጅ ብቻ ብዬ ምያለሁ።"

"ሰውዬው ሞተዋል! ከመቃብር ተነስተው ይምጡልህ?"

"አፍህን ሰብስብ!"

"ሌባው መጽሐፉን ይሽጥ፤ አንተ መሐላህን ታቅፈህ ቁጭ በል!"

በሩን አላትሜው ወጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት ባጃጄን ላስነሳ ስወጣ፣ አባቴ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ከኋላ ተቀምጧል። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጭኑ ላይ አለ።

"ንዳ" አለኝ።

"ወዴት?"

"መጽሐፉ ወዳለበት።"

መንገድ ላይ አዲሱን ቄስ ጫንናቸው። "እስቲ አንዴ ልያት" ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ አባቴ ጨርቁን ወደ ደረቱ ሳበ። "አይቀየሙኝ አባ፤ ለእጅ አልሰጥም።" መሪውን ልነክሰው ምንም አልቀረኝ። ታዲያ ምን ሊያደርጋት ነው ይዟት የሚሄደው?

ቢሮው ውስጥ ነጋዴው ቀድሞን ተቀምጧል፣ የቆዳ ጃኬቱን ግጥም አድርጎ። አባቴን ሲያይ ሳቀ። "ሼሁን ደሞ ከቤተክርስቲያን ዕቃ ምን አገናኛቸው?"

"አንተንስ ከአያትህ ምን አገናኘህ?" አልኩት። "በሻንጣ የምታዞራቸው!"

"ዝም በሉ!" አለ የቢሮው ልጅ።

አባቴ ረጋ ብሎ "ልጄ፣ መጽሐፉን ክፈትልኝ" አለው። ተከፈተ። "እኔ የማልኩት ለሰው እጅ እንዳልሰጥ ነው። ወደ ቦታዋ ብመልሳት መሐላዬን አላፈርስም።" ጨርቁን ፈትቶ ገጿን ራሱ አስገባት። ምላጩ መሃል ላይ ስቶ ጠመም ያለበት ቦታ ከቀሪው ጠርዝ ጋር ልክክ አለ። የቢሮው ልጅ ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበው፤ የቤተክርስቲያናችን ስም ነው። ነጋዴው ብድግ ሲል ውጪ የነበረው ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ።

ቄሱ አባቴን አቅፈው አለቀሱ። "አብሽሩ አባ፣ አብሽሩ" ይላቸዋል፣ ጀርባቸውን እየዳበሰ።

የቢሮው ልጅ ከሽፋኑ ጀምሮ አንድ በአንድ ፎቶ አነሳ። "ከእንግዲህ ማንም የኔ ነው ቢል፣ አውጥተን እናሳየዋለን" አለ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ "የኛንስ?" አለ። "መስጊዳችን ውስጥ በእጅ የተጻፉ ኪታቦች አሉ። እነሱንም መዝግቧቸው። ቶሎ ኑ እንጂ፤ እኔ ስሞት አደራው የሚተርፈው ለዚህ ልጄ ነው፣ አፉን እያያችሁት።"

ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁብኝ።

"ማክሰኞ እንመጣለን" አለ የቢሮው ልጅ።