ከአስራ አንድ ደቂቃ በታች

ባለፈው ዓመት ሞጣ ላይ የደረሰውን ለማንም አውርቼው አላውቅም። ፊት ለፊት መናገር ስለሚከብደኝ ልጻፈው ብያለሁ።

ስፖርት ሳይንስ ተምሬ በመምህርነት ቢቸና ተመደብኩ። የትምህርት ቤቱን ሯጮች የማሰለጥነውም እኔ ነኝ። ግብ የሚለካና ቀነ ገደብ ያለው መሆን አለበት ተብዬ ስለተማርኩ፣ እያንዳንዳቸው ግባቸውን ጽፈው እንዲፈርሙ አደረግኩ። ትርንጎ የምትባል የአስረኛ ክፍል ተማሪ «ሞጣ በሚደረገው የሯጮች ምርጫ ሦስት ሺህ ሜትር ከአስራ አንድ ደቂቃ በታች እገባለሁ» ብላ ፈረመች። ግብ እንደ ሁኔታው ሊቀየር እንደሚችል ግን አልነገርኳቸውም።

በውድድሩ ጠዋት ትርንጎ ስታሟሙቅ ግራ እግሯን ትጎትታለች።

«ምነው፣ እንደ አሮጊት ተራመድሽሳ!» አለቻት ጓደኛዋ።

«አሮጊቷን ከኋላ ሆነሽ ታያታለሽ!»

ለብቻዋ ጠርቼ ካልሲዋን ዝቅ ሳደርገው ቅልጥሟ በነጠላ ቁራጭ ታስሯል። አብጧል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሦስት ሳምንት ይሆነዋል። ቲቸር፣ በማርያም እንዳያስቀሩኝ! ፈርሜያለሁ እኮ። ስለት በሉት፤ ስለት ደግሞ አይታጠፍም።»

ስሟን ማሰረዝ ነበረብኝ። ዝርዝሩን የያዘው ሰውዬ ከሌሎች አሰልጣኞች ጋር ቆሞ ይሳሳቃል፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው፣ ሴት አሰልጣኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁለት ጊዜ ተጠግቼ ሁለቴም አፍሬ ተመለስኩ። ከዚያ ሯጮቹ ተጠሩ።

ግማሽ ዙር ሲቀራት ወደቀች። ተነስታ አንድ እርምጃ እንደሄደች እንደገና ወደቀች። ሮጬ ሳቅፋት አላለቀሰችም።

«ቲቸር፣ ሰዓቱ አለፈ?»

«አላለፈም» አልኳት። አልፎ ነበር።

ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ ራጁን አይቶ፣ አጥንቱ ቀድሞ ተሰንጥቆ እንደነበርና ስትሮጥ ጨርሶ እንደተሰበረ ነገረኝ።

በማግስቱ እናቷ መጡ። ከአልጋው አጠገብ ሲያገኙኝ ትከሻዬን ሳሙ።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ ጥለሻት አልሄድሽም። የታዘዘ ነው፣ ምን ይደረጋል!»

አንገቴን ደፍቼ «አሜን» አልኩ።

ትርንጎ አሁን ያለ ምርኩዝ ትሄዳለች፤ መሮጥ ግን አልቻለችም። ሌሎቹን ሳሰለጥን አንዳንዴ ሜዳው ዳር ተቀምጣ ታያለች። እናቷ ገበያ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ይመርቁኛል። እግሯን ከውድድሩ በፊት ማየቴን አያውቁም። ትርንጎ አልነገረቻቸውም። እኔም ፈርቼ ዝም ብያለሁ፤ አሁን አሁን ከሩቅ ሳያቸው መንገድ እቀይራለሁ።