ሁለተኛው ክላርኔት

አየር ጤና፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ባለችው የዘርዓብሩክ ስቱዲዮ፣ ኮምፒውተሩ የአንድ ሙሉ ኦርኬስትራ ድምፅ እየጫነ ነበር። ለቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ማጀቢያ ሙዚቃ የሚያሠሩት እንግዳ ሽማግሌ፣ ኮታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ ስክሪኑ ላይ የምትንፏቀቀውን አረንጓዴ መስመር እንደ ሕልም ያዩዋታል። ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ የማይታዩ ቀዳዳዎችን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

መስመሯ ቆመች።

«አባባ፣ ቦታ አልበቃ አለ» አላቸው ዘርዓብሩክ። «ሁለተኛውን ክላርኔት ልተወው? ማንም አይሰማውም እኮ።»

የሽማግሌው ጣቶችም ቆሙ።

«ልክ ነህ ልጄ። ኦርኬስትራ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ስነፋው ማንም አልሰማውም። ታምሜ የቀረሁ ለት ግን፣ አጠገቤ የሚቀመጠው ነፊ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ ‹ጎኔን ሲበርደኝ ዋለ› አለኝ።»

ዘርዓብሩክ ኮምፒውተሩ ላይ ለዓመታት ያጠራቀማቸውን ፊልሞች አንድ በአንድ ሰረዘ። መስመሯ ስትንቀሳቀስ፣ የሽማግሌው ጣቶችም ጉልበታቸው ላይ ቀጠሉ።