ትርፍ ሰንሰለት

ወደቡ ላይ የዚህችን ገመድ ጎንጓኝ ሴት እውነተኛ ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሁሉም «ቋጠሮ» እያለ ነው የሚጠራት። ቋጠሮ ስለምትወድ እንዳይመስላችሁ። አንድ ጀልበኛ መልሕቁን በቋጠሮ ሲያስር ካየችው ቀኑን ሙሉ ስትነዘንዘው ትውላለች። «ገመድ የሚበጠሰው ሁልጊዜ ከቋጠሮው አጠገብ ነው፤ ቋጠሮ የሰነፍ ሥራ ነው» ትላለች። ሰው ደግሞ ቅጽል ስም ሲያወጣ የሚጠሉትን መርጦ ነው፤ እሷም እያደር ለመደችው።

የምትሠራው ከጀልባ ጥገናው ጎን ባለች ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ አግዳሚ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ሜንጦ፣ ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ አንድ ወስፌ፤ ሌላ ዕቃ የላትም። የገመዱን ጫፍ ፈትታ ሦስቱን ወፋፍራም ክሮች ትለያለች፤ ጫፉን አጥፋ ጎድጓዳ የብረት ቀለበት ታሳቅፈዋለች፤ ከዚያ ገመዱን በወስፌው እየከፈተች ክሮቹን አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያደረገች ወደ ገላው መልሳ ትጎነጉናቸዋለች። ሲያልቅ የት እንደተጀመረ አይታወቅም። ሙያው የአባቷ ነው። አባቷ መረብ ሠሪ ነበር፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲሉት «አንበሳ አሉ እንጂ ጀልባ አላሉም» ብሎ የሚመልስ ሰው።

ባሏ ዕድሜውን ሙሉ ውኃ ላይ ኖሮ አልጋው ላይ በሳል ሞተ። ለቀስተኛው ሲያጽናናት «ውኃው እንኳ ምንም አላደረገኝ፣ ባለውለታዬ ነው» ብላ ነበር። ይህን ባትል ምን አለበት እላለሁ እኔ። ውኃ ሲያመሰግኑት አይወድም።

የቀራት ልጇ ነው፤ አንድ ለእናቱ። ቁመቱ ሄዶ ሄዶ አላልቅ ብሎ የወደቡ ሰው «ሸምበቆ» ይለዋል። በሰው ጀልባ ላይ መረብ ሲጎትት አደገ፤ አግብቶ ጎጆ በወጣ ማግስት የራሱን ትንሽ ጀልባ ገዛ። አሮጌ ነች፤ ሞተሯ እየሳለ ነው የሚነሣው። እሱ ግን ልጁን የዳረ ያህል ነበር ደስታው። የእናቲቱ ሆድ በዚያች ቀን ሁለት ቦታ ተከፈለ፤ ግማሹ ደስ አለው፣ ግማሹ ፈራ። ፍርሃቷንም እንደ ልማዷ ወደ ሥራ መለሰችው፦ «መልሕቁን፣ ሰንሰለቱንና ገመዱን እኔ ነኝ የምመርጥልህ። አንተ ዝም ብለህ ትሸከማለህ።»

ብረታ ብረት መደብሩ ውስጥ ባለሱቁ የሚያብለጨልጭ ሰንሰለት እየሳበ፣ «እናቴ፣ ይኼ በሬ ያቆማል» አላት።

«በሬ አልገዛሁም» አለችው። ዘለበቶቹን አንድ በአንድ በጣቷ ስትዳስስ ቆየችና አንዱ ላይ ስትደርስ ቆመች። ብየዳው አልተጋጠመም፤ ጥፍሯ ገባበት። «ይቺን የበየዳት ሰውዬ እንቅልፍ ላይ ነበር እንዴ?»

ባለሱቁ እየሳቀ ሌላ ጥቅል አወጣ። ገመድ ሲመርጡ ልጇ ሰማያዊውን አነሣ፤ ቀላል ነው፣ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ሁሉም የሚገዛው እሱን ነው። እሷ ከእጁ ነጥቃ መለሰችው። «ይሄ አይለጠጥም። ማዕበል ጀልባህን ሲመታት ትንሽ እሺ የሚልላት ገመድ ነው የምትፈልገው። ፀሐይ ሲበላው ደግሞ እንደ ጭድ ነው የሚረግፈው።» ነጩን ናይለን ወሰዱ። ልጇ በመንገድ ላይ ሰንሰለቱን ትከሻው ላይ ጭኖ ያለከልካል።

«እማ፣ ይህን ሁሉ ብረት ተሸክሜ ዓሣውን የት ላድርገው?»

«ከከበደህ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው።»

ግቢዋ ሲደርሱ «ና፣ እይ» አለችውና መልሕቁን አፈር ላይ አስቀመጠች። ገመዱን ከፍ አድርጋ ስትጎትተው መልሕቁ እየዘለለ መጣ። ከዚያ ሰንሰለቱን መሬት ላይ አስተኝታ ጎንበስ ብላ ጎተተች፤ ጥፍሩ አፈሩን ቧጦ ገባና እምቢ አለ።

«አየህ? መልሕቅ የሚነክሰው ዝቅ ብሎ ሲሳብ ነው። ዝቅ የሚያደርገው ሰንሰለቱ ነው። ሰንሰለቱ ካጠረ ማዕበሉ ጀልባህን ባነሣት ቁጥር መልሕቅህም አብሮ ይነሣል። ስለዚህ ሰንሰለትህ የጀልባህን ርዝመት ያህል ይሁን፤ ከዚያ አንዲት ዘለበት አትቀንስ።»

«እሺ እማ።»

እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል። ይሄኛው እሺ ግን ከአንገት በላይ ነበር፤ እሷ አላወቀችም እንጂ።

ያን ሳምንት የሰው ሥራ ሁሉ ወደ ጎን ተደረገ። የልጇን ገመድ ስትጎነጉን ክሮቹን ደጋግማ እየፈታች፣ ካሰበችው በላይ አጥብቃ እየሳበች፣ ጣቷ እስኪላጥ ሠራችው። ሰንሰለቱን ከገመዱ፣ መልሕቁን ከሰንሰለቱ በቡሎን ማያያዣ አገናኘች። ቡሎኖቹ በመናወጥ ብዛት እንዳይፈቱ በቀጭን ሽቦ ሸበበቻቸው፤ የሽቦው ጫፍ እጅ እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ይህን የመጨረሻውን እሱው እንዲሠራው ሰጠችው። ሠርቶ አሳያት፤ ቁርጥ የሷን እጅ። ውኃ ውስጥ የገባው ሰንሰለት ምን ያህል እንደሆነ እንዲያውቅ ደግሞ በየሁለት ክንዱ አንዷን ዘለበት ቀይ ቀለም ቀባችለት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ፤ ካልነገርኳችሁ የኋላው አይገባችሁም። ሙሽሮቹ የተከራዩት ቤት ከወደቡ ራቅ ያለ ነው። የግቢው በር ቆርቆሮ ሲሆን የሚዘጋውም በሽቦ ነበር። ምራቷ ጥላዋን የምትፈራ ልጅ ነች። አንድ ሌሊት ሰው መጥቶ በሩን ሲነቀንቅ አደረ፤ ከዚያ ወዲያ ባሏ ውኃ ላይ በዋለ ቁጥር እሷ ጎረቤት ቤት ትውላለች። ይህን የሰማች አማት ልጇን ቁም ስቅሉን አሳየችው። «ምን ዓይነት ባል ነህ? ሚስትህ በገዛ ቤቷ ስትሳቀቅ! ያን በር ዛሬ አንድ ነገር አድርገው!» አለችው። ይሄኛውን ምክሯን ልጇ ከልቡ ሰማ።

ንፋሱ የመጣው ማንም ባልጠበቀው ወር፣ ከምሳ በኋላ ነው። ሌሎቹ ጀልባዎች እየተጣደፉ ገቡ። ያቺ የምትስል የሸምበቆ ሞተር ግን ከወደቡ መግቢያ ቋጥኞች ፊት ለፊት ጠፋች። የአንድ ትልቅ ጀልባ ባለቤት ከሩቅ አይቶታል፦ «መልሕቁን ጣለ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ጀልባዋም ቆም አለች። ተመስገን ብዬ ሞተሬን ሳስተካክል ነው... ቀና ስል ወደ ድንጋዩ እየሄደች ነበር፤ ቆም ትላለች፣ ደሞ ትሄዳለች።» ሸምበቆን ያገኙት በማግስቱ ነው። በዚያ ቀን እናቱ ምን እንደሆነች አልጽፍም፤ እናት ያለው ያውቀዋል።

ከቀብሩ በኋላ ባለ ትልቁ ጀልባ ከስብርባሪው መሀል ያወጣውን መልሕቅና ገመድ እንደተተበተበ በጆንያ ጠቅልሎ አመጣላት። «እኔ አልፈታሁትም፣ እትዬ፤ የእርስዎ ስለሆነ ነው» ብሎ ዓይኗን ሳያይ ወጣ። ወደቡ ውስጥ የሚወራውን እሷም ሰምታለች። «ገመዱ ነው የተበጠሰበት» ነበር ወሬው።

በሯን ዘግታ ጆንያውን አራገፈችው። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፏ አሳለፈችው፤ አንድ ክር አልተነካም። ጉንጉኗ እንዳለ ነው። ቀለበቱ፣ ማያያዣው፣ ሽቦው፣ ሁሉም በቦታው ነበር። እግዜር ይቅር ይበላትና ለአንድ አፍታ ደስ አላት፤ ከዚያ ሰንሰለቱን አነሣች። ቀለላት። ቀዮቹን ዘለበቶች ስትቆጥር ግማሾቹ የሉም። በመልሕቁ በኩል ሰንሰለቱ በመጋዝ ተቆርጦ እንደገና ተያይዟል፤ ቡሎኑም በሽቦ ተሸብቧል፣ ጫፉ እጅ እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ያስተማረችውን ሁሉ ሠርቷል፤ ያስጠነቀቀችውን ብቻ አልሰማም።

«አንተ ደንቆሮ! ለማን ሸጥከው? አፈር ስሆን ንገረኝ፣ ለማን ሸጥከው?» እያለች በሙት ልጇ ላይ ጮኸች። የጥገናው ሠራተኞች ሰምተዋት መዶሻቸውን አቆሙ።

በዚያው ቀን ወደ ምራቷ ቤት ሄደች። ምን ልትል እንደሄደች ራሷም አታውቅም። ብቻ ለአንድ ሰው መንገር ነበረባት፤ ገመዴ አልተበጠሰም፣ እኔ አልገደልኩትም ማለት። ለቀስተኞቹ እስኪወጡ ጥግ ይዛ ጠበቀች። ሲመሽ ምራቷ ተነሥታ በሩን ልትዘጋ ወጣች፤ ያን ጊዜ ከግቢው የሰንሰለት ድምፅ ተሰማ። ዕድሜዋን ሙሉ የሰማችው ድምፅ ነው፤ ብረቱን ሳታይ ውፍረቱን አወቀችው። ተከትላት ወጣች። በሩና ቋሚው ላይ የተጠመጠመው ሰንሰለት ላይ ቀያዮቹ ዘለበቶች ነበሩ።

«ይሄ... ከየት መጣ፣ ልጄ?»

«እሱ ነው ያሰረልኝ» አለች ምራቲቱ፣ ብረቱን በመዳፏ እያሻሸች። «‹እማ ፈርታ ከሚያስፈልገው በላይ አርዝማዋለች፤ ይሄ ትርፍ ነው፣ ላንቺ ይሁን› ብሎኝ። ለእርስዎ እንዳልነግር አስምሎኝ ነበር። ካሰረልኝ ጀምሮ ጎረቤት ሄጄ አላውቅም፤ ብቻዬን እውላለሁ። አሁንም ማታ ማታ ስይዘው እጁን የያዝኩ ይመስለኛል። ተቆጡ እንዴ፣ እማማ?»

«አልተቆጣሁም።»

ልጅቱ በለቅሶ የደከመ ፊቷን ቀና አደረገች። «እማማ፣ ይንገሩኝ። ሰው ብዙ ያወራል። ምኑ ነው የተበጠሰው?»

ቋጠሮ ሰንሰለቱን አየች፤ ልጅቱን አየች። ምንም አልተበጠሰም ብትል የሚቀጥለው ጥያቄ ይታወቃል፤ ታዲያ ለምን? ለዚያ ያለው መልስ በልጅቱ መዳፍ ላይ ነበር። ሌላው ቢቀር በሩን አንድ ነገር አድርገው ያለችውስ ማን ሆነና!

«ገመዱ ነው» አለች። «ጉንጉኔ ነው የለቀቀው። የኔ ሥራ ነው።»

ምራቷ የጠመጠመችውን ሰንሰለት ፈታች፣ በሩን ከፈተችና ከመንገዱ ገለል ብላ ቆመች። አማቲቱ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ከኋላዋ ሰንሰለቱ ሲጠመጠም ሰማችው።

በማግስቱ ማለዳ በሕይወቷ ሠርታ የማታውቀውን ሥራ ሠራች። ከሥራዋ ሁሉ የሚበልጠውን ያን ጉንጉን በወስፌው ፈታችው፤ ክሮቹን በቢላ ገዘገዘች፣ የተበጠሱ እንዲመስሉም ከድንጋይ ጋር አሸቻቸው። ገመዱንም መንገደኛ ሁሉ እንዲያየው ከበሯ ውጭ ምስማር ላይ ሰቀለችው። ሰዉ አየ። ባለ ትልቁ ጀልባ መጥቶ ነካካውና ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ ወዲህ ገመድ ይዞላት የመጣ ጀልበኛ የለም። መልሕቆቻቸውን ቋጥረው እያሰሩ ነው፤ እሷም እያየች ዝም ትላለች። ቋጠሮ የሚላትም ጠፋ። ስሟን መጥራት ራሱ ይከብዳቸዋል መሰለኝ።

በየቀኑ ሲመሽ በዚያ መንገድ ታልፋለች። አታንኳኳም፤ ብታንኳኳም የሚከፍትላት የለም። የቆርቆሮው በር ጋ ስትደርስ ግራ ቀኝ አይታ፣ ሰው አለመኖሩን ካረጋገጠች በኋላ በሩን በመዳፏ ገፋ ታደርገዋለች።

ሰንሰለቱ ይይዛል።