ከሪራ እስከ ጎባ ትከሻዬ ላይ

ልጆቹ ንገሪን፣ ንገሪን ብለው ነዘነዙኝ እንጂ እኔ ለሰው የማወራው ነገር አልነበረም። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ስናገር የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ናት። ነገሩ የሆነው ባለቤቴ በሞተ በዓመቱ ነው። እስከ ዛሬ መኪና ውስጥ አጠገቤ ሰው ሲተኛ ትዝ ይለኛል።

ያኔ ቤቴን ዘግቼ ከአንዱ ልጄ ወደ ሌላው እዞር ነበር። ሮቤ እከርማለሁ፣ ጎባ እሰነብታለሁ፣ ከዚያ ደሎ መና ሴት ልጄ ዘንድ እወርዳለሁ። ያበሉኛል፣ ያለብሱኛል። ቁጭ ብሎ የሚያወራኝ ግን የለም፤ ሥራ አላቸው። እኔም ዝም ብዬ እውላለሁ። ለባለቤቴ እንኳ እንባዬ አልወጣም።

ከደሎ መና ወደ ጎባ ስመለስ ሪራ ላይ አንድ ሽማግሌ ተሳፍረው አጠገቤ ተቀመጡ። ጋቢ ለብሰዋል፣ የጸሎት መቁጠሪያ ሙስበሃቸውን በጣታቸው ይቆጥራሉ። «አካም ጅርቱ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ መለስኩላቸው። ደረታቸውን ሊታከሙ ጎባ መሄዳቸው ነው። ሚስታቸው ሞታባቸዋለች። «እርስዎስ፣ እህቴ?» ሲሉኝ አፌ ተከፈተ።

የሳነቴን ተራራ ስንወጣ ጭጋግ ወረደ፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሽማግሌው ራሳቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። ከኋላ ያለች ሴት፣ «እማማ፣ ሙሽራ አገኙ እኮ፤ ለሠርጉ እንዳይረሱን» አለች። መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

አናቱ ላይ ሾፌሩ ሞተሩን ሊያበርድ አቆመ። እኔ ጋቢያቸውን ሳብ አድርጌ አለበስኳቸውና ወሬዬን ቀጠልኩ። ባለቤቴ ውኃ አምጪ ብሎኝ፣ ይዤ ስመለስ አልፎ እንደጠበቀኝ ነገርኳቸው። ለልጆቼም ነግሬያቸው አላውቅም።

ጎባ መናኸሪያ ደርሰን፣ «አባባ፣ ደረስን» ብዬ ነካ ሳደርጋቸው ራሳቸው ጭኔ ላይ ወደቀ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «ምንዎ ናቸው?» አለኝ። «አብረን ነው የመጣነው» አልኩ። ፊታቸውን ሸፍነው አወረዷቸው። እኔ ልጄ ቤት ሄድኩ፤ ምሳ አቀረቡልኝ፣ በላሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ይመላለስብኝ ነበር። እኔ የራሴን ሳወራ ሰውዬው እርዱኝ ብለው ይሆን? ሳልሰማቸው ቀርቼ ይሆን? አሁን ሳስበው አያስፈራኝም፣ አያስለቅሰኝምም።

ስንት ዓመት ቆይቶ ሾፌሩን ሮቤ ገበያ አገኘሁት። አልረሳኝም። የሚመላለስብኝን ጠየቅኩት። እሱም መሬት መሬት እያየ፣

«ሳነቴ ላይ ስንቆም እኮ እጃቸውን ነክቼ ነበር፤ አልፈዋል። ልናገር ስል እርስዎ ስለ ባለቤትዎ እያወሩላቸው ነው። ላቋርጥዎት አልቻልኩም» አለኝ።